ቃሬዛው ትከሻ ይፈልጋል

ከድብ ባሕር ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል ወደ ደባርቅ መውጣት ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። አምቡላንስ ባልነበረበት ዘመን፣ ዛሬም ከዋናው መንገድ በራቁት ጎጦች፣ ሕመምተኛ ይህን ዳገት የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ሁለት ዘንግ ይቆረጣል፤ በመካከሉ ጠፍር ይወጠራል፤ ሕመምተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ ይጋደማል፤ አራት ጎረምሳ ከሥር ይገባል። የቀረው የመንደሩ ወጣት ስንቁንና ውሃውን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ትከሻው የዛለው «ተቀበለኝ!» ይላል። ከኋላ ያለው ሮጦ ይገባል፣ ዘንጉን ይቀበላል፣ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ጉዞው ይቀጥላል። ቃሬዛ ላይ ያለው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ተራው የቀበሌው ሰው ሁሉ ነው።

ይህችን ጥሪ የምጽፈው ያቺን «ተቀበለኝ» የምትል ቃል ይዤ ነው።

ዛሬ ከዚህ ደጋ የወጣውን ሰው የሚያጋድመው በሽታ ሌላ ነው። ሌሊቱን ተሸክመን ብናደርሰው፣ በሳምንቱ ድኖ በእግሩ የሚመለስበት አይደለም። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም አንዴ ከገቡ አብረው ይኖራሉ፤ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሄድ ቃሬዛ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ሸክም በየሄዱበት ብቻቸውን ይዘውታል፤ በጎንደር ከተማ ኪራይ ቤት፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ በእስራኤል ከተሞች፣ በዋሽንግተን ዙሪያ። «ተቀበለኝ» ካሉን ቆይተዋል።

ነገሩ ጎልቶ ከታየበት እንጀምር። ከሰሜን ተራሮች፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከጸለምትና ከወልቃይት የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ብዙ ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከተረፉት ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ ደርግ ሊወድቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። ዛሬ በእስራኤል የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው ከ160,000 በላይ ናቸው።

እንደደረሱ የመረመሯቸው ሐኪሞች ያዩት ቀጭን፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ ሩቅ መሄድ የለመደ አካል ነበር። ወባና የአንጀት ትል በብዛት ነበረባቸው፤ ስኳር የተገኘበት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ቁጥሩ ከመቶ ሰው ከአምስት እስከ ስምንት ደረሰ። እየቆየም የሀገሩን ነባር ሕዝብ ቀደመው። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ደማቸውም አጥንታቸውም ያው ነው። የተለወጠው መንገዱ፣ ማዕዱና መቀመጫው ነው። ሊማሊሞን ወጥቶ የወረደ እግር ፎቅ ላይ ተቀመጠ፤ ከጤፍ፣ ከገብስና ከሽሮ ጋር የኖረ ሆድ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ተቀበለ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መነገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከሙሴ ዘመቻ ሃያ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ኮኸን የተባለ የእስራኤል ሐኪም ከየመን የመጡ አይሁድን አጥንቶ ውጤቱን አሳትሞ ነበር። አዲስ ከገቡት የመናውያን መካከል ስኳር የተገኘባቸው ከ10,000 ሰው 6 ብቻ ነበሩ። ከ25 ዓመት በላይ በሀገሩ ከኖሩት የመናውያን ግን ከ1,000 ሰው 29 ታመው ተገኙ። ወጉ ታውቋል፣ መንገዱ ታይቷል። ሆኖም የእኛ ሰዎች ከአውሮፕላን ሲወርዱ ይህን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የነገራቸው አልነበረም። ቤት ተሰጣቸው፣ ቋንቋ ተማሩ፣ ሥራ ተፈለገላቸው። በሰውነታቸው ውስጥ ምን ሊመጣ እንደሆነ ግን እነሱ የሰሙት ከታመሙ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ በፍጥነት? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ጥፋቱን በእናቱ ላይ ያደርጋልና። «በጣም ትበያለሽ፣ አትንቀሳቀሺም» እያለ ይነዘንዛታል። እውነቱ ከዚያ ይጠልቃል።

ሄልስና ባርከር የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። እናት በእርግዝናዋ ስትራብ በማህፀን ያለው ልጅ ያገኘውን ጥቂት ምግብ ለአንጎሉ ያስቀድማል፤ ከቆሽቱ ያጎድላል። ኢንሱሊን የሚባለውን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባውን ቅመም የሚሠራው ቆሽት ነው። ያ ልጅ ሲወለድ ለረሃብ ዘመን የተሰናዳ፣ በጥቂት የሚያድር ገላ ይዞ ይወለዳል። በዚያው ዳገት፣ በዚያው እርሻ ቢኖር ይችለዋል፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ራሱ ስለሚበላለት ትንሿ ቆሽት ትበቃዋለች። ድንገት ጥጋብና ወንበር ሲመጡበት ግን ያቺ ቆሽት አትችልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሆላንድ ውስጥ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሆናቸው ሲመረመሩ የደማቸው ስኳር ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የእነሱ ረሃብ አንድ ክረምት ነበር። የእኛ እናቶች ስንት ክረምት እንደጾሙ፣ ስንት ክፉ ቀን እንዳለፉ እነሱና እግዚአብሔር ያውቁታል። በ1977ቱ የረሃብ ዘመን የተፀነሱት ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል።

አማርኛ ሐዘንን «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አያቶቻችን ቃሉን ሲያወጡ ሕክምና አላጠኑም፤ እኔ ግን ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ማህፀን ውስጥ ሳለ ድርሻውን ለሌላ የሰጠ ትንሽ ሕፃን ነው።

ስለዚህ ቅጥነት ዋስትና አይደለም። በእስራኤል የተደረገ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የኢትዮጵያ ተወላጆች በስኳር የሚያዙት ከሌላው ሕዝብ በለጋ ዕድሜና በቀጭን ገላ ነው። ከሌላ ሀገር ለመጣ ሰው ደኅና የሚባለው ክብደት ለእኛ ሰው የአደጋ ደፍ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ የእናቴን ቅጥነት እንደ ጤና እየቆጠርኩ ዓመታት አልፈውኛል። «እሷ እኮ እንደ ሸንበቆ ናት» እል ነበር። አንድ ቀን ውሃ ጥሟ ሌሊት አራት ጊዜ ስትነሣ ካየሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

ጎንደር ላይ ደግሞ የዚህ ታሪክ ሌላ ፊት አለ፤ በዓለም ዙሪያ የስኳር ሐኪሞች የሚያውቁት ፊት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ፣ ከብሪታንያዊው ሐኪም ከኤልድሪድ ፓሪና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከገጠር የሚመጡ የስኳር ታማሚዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ላይ እንዳለው አይነት አልነበሩም። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ድሆች፣ በጣም ቀጭኖች፣ ወንዶች የሚበዙባቸው ገበሬዎች ነበሩ። ኢንሱሊን ካልተወጉ አይሻላቸውም። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ2009 «ከምግብ እጦት የሚመጣውን ስኳር ነገር እንደገና እንክፈተው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ዓለም ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ መልስ ሰጠ፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ከምግብ እጦት የሚመጣውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለ። የጎንደር ገበሬ ገላ ለዚህ ዕውቀት ምስክር ከሆኑት አንዱ ነው።

እነዚሁ ሐኪሞች ሌላም ነገር አደረጉ፤ እኔ ከምርምሩ እኩል የማከብረው ነው። ለኢንሱሊን ሲል ቀን ሙሉ በእግሩ የሚጓዘውን ታማሚ ወደ ሆስፒታል መጥራቱን ትተው ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያዎች አወረዱት። ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን አሠልጥነው ታማሚው በአቅራቢያው እንዲታይ አደረጉ። «ተቀበለኝ» ሲባል ትከሻ ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አንዱ የሰሜን ሰው ደጋ ላይ በእጦት ይታመማል፣ ወንድሙ ባሕር ማዶ በጥጋብ ይታመማል። መነሻቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የእናት ማህፀን፣ የክፉ ዘመን ማሳ። በመካከል ያለው ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማ የገባው ነው፤ ከድብ ባሕር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር። ባሕር ሳይሻገር ተሰዷል ማለት ይቻላል። ጎንደር ከተማንና ዳባትን ያጠና አንድ ጥናት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በከተማው ከመቶ አምስት፣ በገጠሩ ከመቶ ሁለት ያህል ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ከተገኘባቸው መካከል 69 በመቶው ከዚያች ቀን በፊት አያውቁም ነበር። ሦስት ሰው ቢታመም ሁለቱ በሽታውን ይዘው ገበያ ይወጣሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። የሚያውቁት ዐይናቸው ሲደክም ወይም እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ሲል ነው።

በሰሜኑ ጦርነት የተፈናቀለውንም መርሳት የለብንም። በ2013 ክረምት ውጊያው ወደ ሊማሊሞ ሲጠጋ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የወጣ ብዙ ሰው ደባርቅ ላይ ተጠልሎ ነበር። ዱቄትና ብርድ ልብስ ሲታደል በዚያ ሰልፍ መካከል ኢንሱሊን ያለቀበት ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰብ የእኛ ድርሻ ነበር። ያለ ኢንሱሊን መኖር ለማይችል ሰው ነገሩ የቀናት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ ልግባ። «ስኳር በሽታ» የሚለው ስም አሳስቶናል። እናቶቻችን ስሙን ሲሰሙ «እኔ ስኳር አልወድም፣ ቡና እንኳ በጨው ነበር የምጠጣው» ይላሉ። ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ በአንድ ማዕድ ሦስት እንጀራ፣ ሁሉም ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር እንደሚሆን የነገራቸው የለም። ጤፍ በማይገኝበት ሀገር እንጀራው ከነጭ የስንዴ ዱቄት ተጋገረ፤ መልኩ እንጀራ ነው፣ ሥራው ግን የነጭ ዳቦ ነው። ቡናውም ተለወጠ። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢገባ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ቡና ለሚፈላበት ቤት 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ዝቅ እንዲል ይመክራል። ስለዚህ ቡናው ብቻውን ጣሪያውን ሊነካ ቀረበ። በእንግድነት የሚቀርበው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሌላ 30 ግራም ያህል ይጨምራል። እንግዳ ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ አያቶቻችን ግን እንግዳ ያከበሩት በጠላ፣ በቆሎና በአጓት ነበር፤ ማንም ተዋረድኩ አላለም።

ቡናውን ተዉ አልልም። ቡናው ባይኖር ብዙ እናት ባዕድ ሀገር ውስጥ በብቸኝነት ባለቀች ነበር። ስኳሩን ከረከቦቱ ላይ አንሱት፤ የፈለገ ይጠይቅ።

የሐኪም ቤቱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት እናት ባሕር ማዶ ከሐኪም ፊት ተቀምጣለች። የምታውቀው ቋንቋ አማርኛ ወይም ትግርኛ ነው። ያስተረጉምላት ዘንድ ከትምህርት ቤት የቀረ የዐሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ አብሯት አለ። ሐኪሙ ለደቂቃዎች ያስረዳል፤ ቆሽት፣ ኩላሊት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር። ልጁ ግማሹን ቃል በአማርኛ አያውቀውም፤ የሚያስፈራውን ደግሞ ለአያቱ መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ «መድኃኒትሽን ዋጪ አለሽ» ብሎ ይጨርሰዋል። «እግዜር ይስጥልኝ በለው» ትላለች። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ትወስዳለች?» ሲል «አዎ» ትላለች፤ ላከበራት ሰው በፊቱ «አይ» ማለት ነውር ነዋ። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይገድለናል። ቤቷ ስትገባ ጥሟ ከቀነሰ ክኒኑን ታቆማለች። በእኛ ወግ መድኃኒት የሚወሰደው እስኪሻል ድረስ ነው፤ ተሽሎት መድኃኒት የሚውጥ ሰው ታይቶ አያውቅም። ማንም ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። በኋላ «ሕክምናውን አትከተልም» ተብሎ መዝገቧ ላይ ይጻፍባታል።

ይህን ክፍተት ያየ ሰው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሐዴራ ከተማ፣ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር ሐኪም የሆነችው አናት ያፌ ከኢትዮጵያ ተወላጆች ጋር ሆና «ጤና ብሪዑት» የሚባል ማኅበር አቋቋመች። ስሙ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይላል፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዕብራይስጥ። ሥራው የተመሠረተው ቋንቋውንም ወጉንም በሚያውቁ፣ ከዚያው ሕዝብ በወጡ ሠራተኞች ላይ ነው። የሚነግረን ነገር ቀላል ነው፤ በሽታውን በቋንቋዋ የሰማች እናት መድኃኒቷን አትጥልም። ይህን በዋሽንግተንም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም የሚከለክለን የለም።

ስለ ሃይማኖትም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው። ጾሙን የያዘች እናት ኢንሱሊን ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትቆይ ስኳሯ ወድቆ ልትስት፣ ልትሞት ትችላለች። ረመዳንን የምትጾም እናትም እንዲሁ። ጠበል የገባ ሰው «እምነት ያጎድላል» ብሎ ኢንሱሊኑን ቢያቆም ጊዜ አይሰጠውም። በኤች አይ ቪ ዘመን ይህ ጥያቄ በእንጦጦ ጠበል ላይ ሲነሣ የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ብዙ ሰው በዚያ ቃል ተርፏል። ለስኳር ታማሚም ያ ቃል በየደብሩ፣ በየመስጊዱ፣ በየምኩራቡ ያስፈልጋል። ለታመመ ጾም እንደሚቀልል የማያውቅ ካህንም ሼኽም የለም። የቀረው ታማሚው ሳይጠይቅ አስቀድሞ መንገር ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ። ጥሪዬ ለማንበብ ለደረሰው፣ ፊደል በቆጠረው፣ ስልክ በያዘው ትውልድ ነው፤ እናቶቻችን ዳገት ወጥተው፣ በረሃ አቋርጠው ላስተማሩት።

ድብ ባሕር፣ ደባርቅ፣ ዳባት ያላችሁ፦ እድራችሁ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር አለው። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ካዘጋጀ ለቁም ሰው አንድ የደም ግፊት መለኪያና አንድ የስኳር መለኪያ መግዛት አያቅተውም። የእድር ስብሰባ ባለበት እሑድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም የጤና ጣቢያውን ነርስ ጋብዙ፤ ከ35 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ጣቱን ይስጥ። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ የደም ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የደም ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲደገምለት ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን ያልከፈለ ጎረቤት ካለ ጠይቁት፤ ምናልባት የጎደለው ጥቂት ብር ይሆናል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች፣ በተለይ ከየወረዳው የመጣችሁ፦ ለእረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከንግግራችሁ በፊት የአባታችሁን ጫማ አስወልቁ። እግሩን ከሥርም ከጣቶቹም መካከል እዩ። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይከፋል። እግር ማጠብ በእኛ ሀገር የክብር ሥራ ነው፣ ለእንግዳም ለአባትም ይደረጋል። ልጅ የአባቱን እግር ቢያጥብ የሚገርመው አይኖርም።

በእስራኤልና በሌላው ባዕድ ሀገር ያላችሁ፣ አማርኛው የሚያዳግታችሁም ሳትቀሩ፦ የአያታችሁን ቀጠሮ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አትተዉ። ራሳችሁ ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊት ጥያቄዋን ጠይቋት፤ ከወጣችሁ በኋላ የተባለውን ሁሉ፣ የሚያስፈራውንም ጭምር፣ ዳግመኛ ንገሯት። ከቋንቋው አንድ ቃል ከጎደላችሁ የሚያውቅ ሰው ደውሉ፤ የሚያስተረጉም ባለሙያ ማግኘት በሚቻልበት ሆስፒታል ያንን በግልጽ ጠይቁ። «ክኒኑን ትወስጃለሽ?» አትበሏት፤ «አዎ» ነው የምትላችሁ። «ሳጥኑን አሳይኝ፣ አብረን እንቁጠር» በሏት። ስትነግሯት አትቆጡ። ረሃቡ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ወንበር ላይ የቀረው እግሯም የእሷ ጥፋት አይደለም።

ደግሞም እናንተ ራሳችሁ። እዚያው የተወለዳችሁ ልጆች ማህፀኑ ጠግቧል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ስኳር በቤተሰብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ገና ያልታመሙ ከ3,000 በላይ ሰዎችን የተከተለ ጥናት በሳምንት 150 ደቂቃ የተራመዱና ክብደታቸውን በጥቂቱ የቀነሱ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን ከግማሽ በላይ እንደቀነሱ አሳይቷል። 150 ደቂቃ ማለት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከድብ ባሕር ተነሥተው ደባርቅ ገበያ የሚወጡ እናቶች ለአንድ መንገድ ብቻ ከዚህ የበለጠ ይሄዱ ነበር፤ ያውም ሸክም ይዘው።

የት እንደምትጀምሩ ካልታወቃችሁ እናታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉና ይህን ጠይቋት፦ «እማዬ፣ ሊማሊሞን በእግርሽ ስትወጪ ስንት ቦታ ታርፊ ነበር?» ትነግራችኋለች። የምንጩን ስም፣ ጥላ ያለበትን ዛፍ፣ ቃሬዛው ሲያልፍ የተነሡበትን ድንጋይ ትጠራላችኋለች። እስክትጨርስ ስሟት። ከዚያ ጫማዋን አቅርቡላትና በር ክፈቱ፤ እስከ ሰፈሩ ጫፍ አብራችሁ ውጡ፣ ነገም እንዲሁ።